ሳቅሽን በፖስታ አትግዢው!

የዛሬዋ ጠያቂዬ ከወደ ምሥራቅ ጎጃም ናት፤ ከሉማሜ። በአዲስ አበባና በደብረ ማርቆስ መሀል የተመላለሰ ሁሉ ሉማሜን ያውቃታል። ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ፣ ማርቆስ ሳይደርሱ የምትገኘው የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። ደብዳቤዋ አራት ገጽ ሙሉ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ነው የላከችልኝ። የእጅ ጽሕፈቷ ገና ሲያዩት የአስተማሪ መሆኑ ያስታውቃል። እንደ ልማዳችን ስሟን ትተን፣ ማንነቷን የሚጠቁመውን ቆርጠን፣ ፍሬ ነገሩን እነሆ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዕድሜዬ 25 ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ችግሬን ሰው ሲሰማው ቀላል ነው፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የላይኛው የግራ ክራንቻዬ ከሌሎቹ ጥርሶች በላይ፣ ድዴ ላይ ወጥቶ ነው የበቀለው። የፊቶቹም ቦታ ጠቧቸው አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። ልጅ ሆኜ በዚህ ያልተሰደብኩት ስድብ የለም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ ነው የምሸፍነው። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ 'ቲቸር ለምንድነው አፍሽን የምትይዢው?' ይሉኛል።

አሁን እግዜር ብሎ እጮኛ አግኝቻለሁ። ሰርጋችን ለጥር ነው። እሱ ስለ ጥርሴ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። እህቱ ግን ሽማግሌ የመጣ ዕለት ፎቶ ስንነሣ 'አንቺ፣ አፍሽን ግጠሚ እንጂ!' አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ… አፌን ይዤ።

ታላቅ እህቴ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። ይህን ስነግራት አለቀሰችና 'ሳቅሽን እኔ እገዛልሻለሁ' አለችኝ። በቴሌግራም ግልጽ አላይነር የሚሸጥ ሰውም አገኘች። ሰውየው ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም ይላል። ሊጥ የመሰለ ነገር በፖስታ ይልክልኛል፤ እኔ ራሴ ነክሼበት መልሼ እልክለታለሁ፤ በአራት ወር ጥርሴ ቀጥ ይላል። ግን ግማሹን በቅድሚያ ክፈሉ ብሏል። ግማሹ ብቻ የእህቴ የአራት ወር ደመወዝ ነው። ቤት ልትሠራበት ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው።

እናቴ 'እግዜር የተከለውን ጥርስ ምን ቆርጦሽ ትነቀንቂዋለሽ?' ትላለች። ሌላ ደግሞ፣ ቀዝቃዛ ነገር ስጠጣ ከኋላ አንድ መንጋጋዬን ይጠዘጥዘኛል፤ ጥርሴን ስፍቅም ድዴ ይደማል። ይሄ ከነገሩ ጋር ይገናኝ ይሆን? ሰውየው መልስ የሚጠብቀው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ምን ልበለው?

ሳቄን የምሸፍነው፣ ከሉማሜ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሰርጉም ነገር፣ የእህትሽም እንባ ልቤን ነክቶታል። ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ናት፤ «ድዴ ይደማል» ያልሽው። እኔ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ስምሽን ሳልጠራ ጉዳይሽን ይዤ፣ እዚህ አዲስ አበባ ጥርስ በማስተካከል ሙያ የሚሠራ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተቀምጬ ጠየቅሁት። የሰማሁትን በወጉ ልንገርሽ፤ ውሳኔው ያንቺና የእህትሽ ነው።

ጥርስ ይሄዳል እንዴ?

አዎ፣ ይሄዳል። እናትሽ «ትነቀንቂዋለሽ» ያሉት ሳያውቁት ልክ ብለዋል። ጥርስ እንደ ምስማር አጥንት ውስጥ የተመታ ነገር አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መሀል የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ክፍተት አለ። ጥርሱ በዚያች ክፍተት ውስጥ በቀጫጭን ጅማቶች ተወጥሮ ነው የተያዘው፤ ልክ እንደ ጠፍር አልጋ። ቀስ ያለ ግፊት ሳይቋረጥ ሲያርፍበት፣ በሚገፋበት በኩል ያለውን አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት ይመጣሉ። ከኋላው ባዶ በሚቀረው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት የሚሠሩ ሌሎች ሕዋሳት ይከተላሉ። ፊቱ ይፈርሳል፣ ኋላው ይገነባል፣ ጥርሱ ይሄዳል። ሽቦም ይሁን አላይነር ሥራው ይኸው ነው።

አሁን ድዴ ይደማል ያልሽውን ከዚህ ጋር አያይዢው። ድድ የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ ስለቆሰለ ነው። ቁስሉ ወደ ውስጥ ከዘለቀ አጥንቱንም ይበላል። እንዲህ ባለ አፍ ውስጥ ጥርስ ሲገፋ መፍረሱ ይፈጥናል፣ መገንባቱ ግን ይቀራል። መጨረሻው የተስተካከለ ጥርስ ሳይሆን የላላ ጥርስ ነው። የሚጠዘጥዝሽ መንጋጋም ሳይቦረቦር አይቀርም፤ እሱ ሳይታከም ቀኑን ሙሉ በፕላስቲክ ሲሸፈን ይብስበታል። የቴሌግራሙ ሰውዬ ስለ ድድሽ ጠይቆሻል? አልጠየቀሽም። በሊጥ ላይ የጥርስ ቅርጽ ይታያል እንጂ ደም አይታይም!

ፕላስቲኩ እንዴት ይሠራል?

ብዙ ወጣት አላይነርን ስልክ ላይ ስለሚያየው ትናንት የመጣ ፋሽን ይመስለዋል። ሐሳቡ ግን የአያቶቻችን ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሃሮልድ ኬስሊንግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ ሽቦ ፈትተው የጨረሱ ሰዎች የቀረቻቸውን ትንሽ መዛባት የሚያስተካክል የላስቲክ መንከሻ ሠራ። እንዲህ ያለ ነገር በተከታታይ እየተሠራ ቢቀያየር ጥርስን ብዙ ርቀት ሊወስድ እንደሚችልም ያን ጊዜውኑ ጽፏል። ችግሩ ለእያንዳንዷ እርምጃ አዲስ ሞዴል በእጅ መሥራት ነበር። ማን ሊጨርሰው?

መላውን ያገኙት የጥርስ ሐኪሞች አይደሉም። ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ላይ ተገናኙ። ቺሽቲ አዋቂ ሆኖ ነው ሽቦ ያሠረው። ሽቦውን ከፈታ በኋላ የሚደረገውን ተነቃይ ማቆያ ሲተወው ጥርሱ መልሶ ይንሸራተታል፣ ሲያደርገው ደግሞ ይመለሳል። «ታዲያ ይሄ ነገር ጥርስን ማቆም ብቻ ሳይሆን ማስኬድም ይችላላ!» አለ ይባላል። በ1997 አላይን ቴክኖሎጂን አቋቋሙ፤ በ1998 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቀደላቸው። ኢንቪዛላይን የሚባለው ያ ነው። ዛሬ ብዙ ሌሎች ኩባንያዎችም ይሠሩታል።

አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሐኪሙ አፍሽን ይመረምራል፣ ራጅ ያነሣል። ከዚያ የጥርስሽን ቅርጽ ይወስዳል፤ ወይ ሲሊኮን በመሰለ ማተሚያ፣ ወይ እስክሪብቶ በሚያህል ካሜራ አፍ ውስጥ እየዞረ። ቅርጹ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። እዚያ እያንዳንዱ ጥርስ ከጎረቤቱ ተለይቶ ብቻውን የሚንቀሳቀስ ይሆናል። መድረሻው ይወሰንና ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው መንገድ በትናንሽ እርምጃዎች ይከፈላል። አንዷ እርምጃ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ናት። ቅድም ያልኩሽን የጅማቱን ክፍተት አስታውሺ፤ ጥርስ ከዚያ ብዙ አልፎ በአንዴ አይዘልም።

ዕቅዱን ሐኪሙ አይቶ ካረመና ካጸደቀ በኋላ ለእያንዳንዷ እርምጃ የጥርስሽ ሞዴል ይታተማል። ማተሚያው በብርሃን የሚጠጥር ፈሳሽ ይጠቀማል። መሶብ ስትሰፋ ዙር በዙር ላይ እየጨመርን እንደምናሳድጋት፣ ሞዴሉም ከፀጉር በማይወፍር ንብር ላይ ንብር እየተጨመረ ያድጋል። ከዚያ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚሳሳ ግልጽ ፕላስቲክ በሙቀት እስኪለሰልስ ይደረግና በአየር ግፊት ሞዴሉ ላይ ይለጠፋል። ሲቀዘቅዝ ይነሣል፣ ጠርዙ ድዱን እንዳይቆርጥ ይከረከማል፣ ይለሰልሳል፣ ተራ ቁጥር ይጻፍበታል። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው… እያለ ይሄዳል። ሞዴል ሳያስፈልግ ሽፋኑን ራሱን የሚያትሙ አዳዲስ መሣሪያዎችም መጥተዋል።

ልብ በይ! እያንዳንዱ ሽፋን የሚሠራው አሁን ባለው ጥርስሽ ልክ አይደለም። ጥርስሽ ነገ ሊሆን በሚገባው ልክ ነው። የሚጠብቅሽም ለዚህ ነው፤ ልዩነቷ ናት የምትገፋው። እንግዲህ መጀመሪያ የተወሰደው ቅርጽ ከተጣመመ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እየተጣመመ ይሄዳል። አንቺ ሉማሜ ቁጭ ብለሽ፣ በመስተዋት እያየሽ የነከስሽው ሊጥ ትንሽ ቢንሸራተት ማን ያይልሻል?

የአራት ወሩ ሒሳብ

አስተማሪ ነሽና ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ አንድ ጥርስ አምስት ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት እንበል። አምስትን ለሩብ ብታካፍዪ 20 ሽፋን ነው። አንዱን ሽፋን ሁለት ሁለት ሳምንት ብታደርጊው 40 ሳምንት፣ ማለት ዘጠኝ ወር ከምናምን። በየሳምንቱ ብትቀይሪ እንኳ፣ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ቢሆን፣ 20 ሳምንት ነው። ከመስከረም እስከ ጥር ስንት ሳምንት አለ? 17 አካባቢ። ያውም ዕቃው ዛሬ ቢገባልሽ! ራጅሽን ሳያይ «አራት ወር» ያለሽ ሰው ከየት አምጥቶ ነው? የሰርግሽን ቀን ከነገራችሁት በኋላ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ሌላው ሒሳብ የቡና ነው። አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። ከ24 ሰዓት ሁለት፣ ቢበዛ አራት ይቀርሻል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ከነመፋቂያው አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። እሺ፣ ቡናውስ? ከነሽፋኑ የሚጠጣው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ትኩስ ነገር ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ ቡና ያጠቁረዋል፣ ስኳር ያለው ሻይ ደግሞ ከሥሩ ገብቶ ጥርሱን ያበላሸዋል። እኛ አገር ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ አጠገቡ ቆሎ አለ፤ ጎረቤት አለ፤ ሰዓት የሚያይ የለም። አንድ ቡና ብቻ የቀኑን ዕረፍት ሁሉ ይበላዋል። ያንቺ ደግሞ የሰርግ ሰሞን ነው፤ ጉርሻውን ማን እምቢ ይላል? ሐኪሙ ከልምዱ የነገረኝ፣ አላይነር ከሸፈ ከሚባለው ብዙው የከሸፈው ኪስ ውስጥና ሶፍት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ ስለዋለ ነው። ጾመኛ ከሆንሽ ግን በጾም ወራት ይቀልሻል፤ ይሄ ከሥጋ ለመራቅ ያልታሰበ ጥቅሙ ነው!

ያንቺ ክራንቻ ነገር

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሐኪሙን «ድድ ላይ የወጣ ክራንቻን አላይነር ያወርደዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ። ፕላስቲክ ጥርስን ለመግፋትና ለማዘንበል ጎበዝ ነው። ከፍ ብሎ የቀረን ጥርስ ይዞ ወደ ታች መጎተት ግን የሚከብደው ሥራ ነው፤ ያንሸራትተዋል። እንደ ክራንቻ ያለ ክብ ጥርስ ማዞርም እንደዚሁ። ለዚህ ሐኪሞች ጥርሱ ላይ በጥርስ ቀለም የተሠራች ትንሽ ጉብታ ይለጥፋሉ፤ ፕላስቲኩ እንዲቆነጥጥባት። ቦታ ከጠበበ ደግሞ በጥርስና ጥርስ መሀል በስሱ ይሞርዳሉ፣ ሲብስም ጥርስ ይነቅላሉ። ይህ ሁሉ በእጅ የሚሠራ ነው፤ በፖስታ አይላክም።

እንዳንቺ ላለው፣ ያ ዘወትር የምናየው የብረት ሽቦ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ክራንቻውን ይዞ ይጎትተዋል፤ ቡና ሲመጣ አይወልቅም፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከአላይነር ይቀንሳል። መታየቱ ነው ጉዱ። ለማንኛውም ይህን የሚወስነው ራጅሽን ያየ ሐኪም ነው።

አንድ ነገር እናትሽን በቀስታ ጠይቂልኝ። ሕፃን ሆነሽ ሲያተኩስሽና ሲያስቀምጥሽ «ወተት ጥርስ ነው» ተብሎ ተነቅሎብሽ ነበር ወይ? እንጥል መቁረጥና ወተት ጥርስ መንቀል ባገራችን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች የሚቆጠሩ ናቸው። የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ያው ክራንቻ የሚበቅልበት ቦታ ነው። የሕፃንነቱ ክራንቻ ያለጊዜው ሲጠፋ ጎረቤቶቹ ቦታውን ይዘጉታል። ዋናው ክራንቻ በ11 እና በ12 ዓመት ገደማ ሲመጣ መግቢያ አጥቶ ላይ ይቀራል። አንዳንዴም ከሥሩ ተጎድቶ ቅርጹ ይበላሻል። ካንቺ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም፤ ለሐኪሙ ግን ንገሪው። እናትሽንም እንዳትወቅሻቸው፤ አድርገውትም ከሆነ ልጄ ትዳንልኝ ብለው ነው።

ፖስታው የተዘጋ ዕለት

በፖስታ የሚመጣ አላይነር እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። አሜሪካ ስማይልዳይሬክትክለብ የሚባል ትልቅ ኩባንያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመሠረተ። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ ሊጡን ይነክሳል፣ ሽፋኑ በፖስታ ይመጣለታል። ዝነኛ ሆነ፣ አክሲዮኑ ተሸጠ። በመስከረም 2023 እንደነሱ አቆጣጠር ኪሳራ አወጀ፤ በታኅሣሥ ጭራሹን ተዘጋ። ሕክምናቸው መሀል መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ቀሩ። የዕድሜ ልክ ዋስትና የተባለው ቀረ። በየወሩ የሚከፍሉ ደግሞ መክፈላቸውን እንዲቀጥሉ ነበር የተነገራቸው! እንግዲህ ፍርድ ቤትና ሕግ አለ በሚባልበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ የቴሌግራም ገጹን በአንዲት ጣት ከሚያጠፋው ሰውዬ ጋር እህትሽ ምን ልትሆን ነው? የአራት ወር ደመወዟን የት ሄዳ ትጠይቃለች? መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋስ አንቺ ሰባተኛው ሽፋን አልገጥም ቢልሽ ለማን ታሳያለሽ?

ታዲያ ምን ላድርግ?

አንደኛ፣ ለሰውየው አንድ ብር እንዳትልኩ። ለእህትሽ ዛሬውኑ ደውዪላትና «ቆይ» በያት። «እስከ ወሩ መጨረሻ» የሚለው ያንቺ ቀጠሮ ሳይሆን የሱ መቸኮል ነው። ሕክምና የሚያቻኩለው ሲያምሽ እንጂ ገበያ ሲሆን አይደለም።

ሁለተኛ፣ በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ደብረ ማርቆስ ብቅ በይና የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቅረቢ። መንጋጋሽን አሳዪ፣ ድድሽን አሳጥቢ፣ አፋፋቅሽንም አስተካክሊ። ይህ ከሰርግሽ በፊት ያልቃል። ስትስቂ ሰው የሚያየው የክራንቻን አቀማመጥ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ጤነኛ ድድና ንጹሕ ጥርስ ብቻውን ፊት ይለውጣል።

ሦስተኛ፣ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ተረጋግተሽ ጥርስ በማስተካከል ሙያ የሠለጠነ ሐኪም አማክሪ። እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ይዘሽ ግቢ። ራጅ ታነሣኛለህ ወይ? ለኔ ሽቦ ነው አላይነር የሚሻለኝ፣ ለምን? ስንት ሽፋን ነው፣ ዕቅዱን በኮምፒዩተር ታሳየኛለህ? መሀል ላይ አልሄድ ቢል ድጋሚ ሲሠራ እከፍላለሁ? በስንት ሳምንት እየመጣሁ ትታየኛለህ? ዋጋው በብር የተቆረጠ ነው ወይስ ከምንዛሪ ጋር የሚወጣ? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ መመንዘር ስለጀመረ ይህችን ጥያቄ አትናቂያት። ሲያልቅ የሚደረገው ማቆያስ ዋጋው ውስጥ አለ? ማቆያ ከሌለ ጥርስ ወደ ጥንት ቦታው ይመለሳል። ሌሊት ሌሊት ለዓመታት የሚደረግ ነገር መሆኑን ከአሁኑ እወቂው። እንኳን የከፈልሽበትን፣ የቺሽቲንም ጥርስ መልሶታል!

አራተኛ፣ ይህን ጉዳይ ለእጮኛሽ ንገሪው። እስካሁን ሦስት ሰው ያውቃል፤ እናትሽ፣ እህትሽና እኔ። እሱ ግን አያውቅም። ጥርስሽን እያየ ነው ሽማግሌ የላከው። አፍሽን በእጅሽ የምትይዢው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ቤትሽ ሊገባ ነው። ንገሪውና ምን እንደሚልሽ ስሚ። የእህቱን ነገርም እሱ ይጨርሰው፤ አንቺ አትጋፈጫት። እሷ ያንቺን ሌሊት አላየችም፤ ቀልድ የተናገረች መስሏት ነው።

ጥርስ ማስተካከል መፈለግሽ ቅብጠት ነው አልልሽም። የተደራረበ ጥርስ ለመፋቅ ያስቸግራል፤ ቆሻሻ ይይዛል፤ የድድሽ መድማትም ከዚህ ሊሆን ይችላል። እናትሽን በዚህ አስረጂያቸው። ግን በጥር ሙሽራ ሆነሽ ስትቀመጪ ክራንቻሽ ያው ባለበት ነው የሚሆነው። ይህን ከአሁኑ ተቀበዪው። የቀረሽን አራት ወር እጅሽን ከአፍሽ ማውረድ ተለማመጂበት፤ መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ በተማሪዎችሽ ፊት ጀምሪው።

ለእህትሽም ከኔ ሰላምታ አድርሺልኝ። የቤቷን ገንዘብ ቤቷ ላይ ታድርገው። ሰርግሽ ላይ መምጣት ከቻለች ለሳቅሽ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም። ማርቆስ ደርሰሽ ስትመለሺ ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ፤ ሌሎች እህቶችሽም እየጠበቁ ነው።

የሳምንት ሰው ይበለን። ቸር እንሰንብት።